የገናዲ ገጽ

ሰማያዊ ሽፋን፣ ጠርዙ የተበላ፣
ስኳርና ላምባ የሸተተ ገላ፣
የእናቴ ደብተር፣ የሙሉካ መዝገብ፣
ከፊራ ለኖረ ለዱቤኛ ሕዝብ።
ገጹ ሁሉ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ ዕዳ አለው፤
ቀይ መስመር ያረፈበት ያ የከፈለው ነው።
የባቡር ፍሬን ሠሪው፣ ባለጋሪው ሮብሌ፣
የሸማ ጥለት ሠሪ ጠላፊዋ ሰብሌ፣
ሁሉም ቀይ ለብሰዋል።
አንድ ገጽ ሲቀር።
ገጽ አርባ ሰባት፦ ገናዲ።

ሲመጡ አላየሁም፣ በማሕፀን ነበርኩ፤
በሌሊት ነው አሉኝ፣ እንደ ደቻቱ ወንዝ፣
ተራራው ላይ ዘንቦ፣ እዚህ ሰማይ ጠርቶ፣
ከተማው ተኝቶ ድንገት እንደሚጓዝ።
እናቴ ጨለማ ውስጥ የአውሮፕላን ድምፅ ቆጠረች፤
አርባን ሲያልፍባት ቁጥሩን ለሌላ ሰው ተወች።
ማረፊያው ሜዳ ላይ ብረት ሲራገፍ አደረ፤
ጠዋት የሳቢያን አስፋልት ተሰንጥቆ ነበረ።

ገናዲን ግን አውቀዋለሁ።
የታንክ ሞተር ሐኪም፣ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ፣
ሙቀቱን በሩስኛ የሚረግም፣
በአማርኛ ሁለት ቃል ብቻ ያለው፦
«ሙሉካ፣ ጻፊ።»
ስኳር አንድ ኪሎ። ሻማ ሁለት።
ለሚስቱ የሚልከው ነጠላ ጫማ፣ እግሯን በክር ለክቶ ይዞ።
ከስሙ ጎን በራሱ ፊደል ፈረመ፤
እናቴ ማንበብ ባትችልም አመነችው።

ወንድሜ ኢምራን ከሥሩ አይጠፋም።
መፍቻ ሲለው መፍቻ፣ ጨርቅ ሲለው ጨርቅ፤
መጀመሪያ ካርቡራተር፣
ኋላ መትረየስ ፈቶ መግጠም፣
ዓይኑን ታስሮ፣ ሠላሳ እስኪቆጠር።
ገናዲ ሦስተኛዋን አማርኛ ለእርሱ አወጣት፦ «ጎበዝ!»
ያች «ጎበዝ» የምትል ቃል ቀበሌ ድረስ ሄደች፤
በአሥራ ስምንት ዓመቱ ስሙን ይዛ ተመለሰች።
ወደ ሰሜን ጫኑት።

ሲሄዱ ግን አየሁ።
ያለ ሙዚቃ ነው፣ ያለ ሰልፍ፣ ያለ ንግግር፣
ሬዲዮው ስለ መኸር ምርት ሲናገር፤
አሥራ አንድ ካሚዮን፣ ሸራው የተቋጠረ፣
የካምፑ ውሻ ብቻ ከኋላ የበረረ።
ገናዲ ወረደ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ።
ኪሱን ገለበጠ፦ ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ክብሪት፣
እኛ ዘንድ ከረሜላ የማይገዛ የሀገሩ ሳንቲም።
«ሙሉካ፣ ጻፊ» አለ።
እናቴ አልጻፈችም።
«ኢምራንስ?» አለችው።
ትከሻውን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ።
ያለ አስተርጓሚ ገባን።

ያስተማረው ሄደ፣ የተማረው ቀረ፤
መፍቻው አገሩ ገባ፣ ብሎኑ ታሰረ።
ትልቅ አገር ሲሄድ ጓዙን አይረሳም፤
የሚረሳው ዕዳ ነው፣ ዕዳ ጓዝ አይደለም።

ከሰሜን አንድ ደብዳቤ መጣ፤
መንገድ ላይ አራት ወር የከረመ፣ ጥጉ ዘይት የነካው።
«ጥይት በቁጥር ሆኗል። መለዋወጫ የለም።
ከሦስት ስብርባሪ አንድ ጤነኛ እሠራለሁ።
ገናዲን ስታገኙት፣
የግራው ቧንቧ ለምን እንደሚያፈስ ጠይቁልኝ።»
እናቴ ደብዳቤውን ይዛ እስከ ካምፑ በር ሄደች።
ለምን እንደሄደች አልጠየቅኳትም።
በሩ ላይ ፍየሎች ነበሩ።
ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

አሁን ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው፤ ሱቁም።
እሷን ከቀበርን በኋላ ገጽ አርባ ሰባትን ገለጥኩ፤
ስኳር፣ ሻማ፣ ነጠላ ጫማ፣
ከሥራቸው፣ በሌላ ቀለም፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፦
ልጅ፣ አንድ።
የዋጋው ቦታ ባዶ ነው።
ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

በቀደም አንድ እንግዳ ገባ፤
ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ የደንብ ልብስ፣ የታጠፈ ካርታ በብብቱ፣
አንገቱ በፀሐይ መላጥ የጀመረ።
ውሃ አነሳ፣ ፈገግ አለ፣ ስሜን ጠየቀኝ።
«ዱቤ የለም» አልኩት።
ዱቤ አልጠየቀኝም ነበር።